የድሬዳዋ ኮተን የእግር ኳስ ቡድን ታሪክና ዕጣ

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራሮች ወዲህ በተዘረጋው የወሰን ሠፈር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ብቅ ያለ ሰው ባዶ ቦታ በተገኘበት ሁሉ ኳስ የሚራገጡ ልጆች አያጣም። ሁለት ድንጋይ ለአንድ ጎል ይበቃል። የልጆቹን ማልያ ላነበበ ግን የሚገኘው የለንደን፣ የማንችስተርና የማድሪድ ክለቦች ስም ነው። የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ከአገራችን የስፖርት ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ ከጠየቁኝ በኋላ፣ ከእነዚህ ልጆች አንዱን «ድሬዳዋ በአፍሪካ የክለቦች ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰ ቡድን እንደ ነበራት ታውቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እየቀለዱ ነው?» ሲል መለሰልኝ። ልጁን አልነቀፍኩትም፤ የነገረው ሰው የለም። የምጽፈውም ስለዚያ ቡድን እንዲሆን የወሰንኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

የኢትዮጵያን የእግር ኳስ ቡድኖች ስም በተርታ ያነበበ ሰው የመሥሪያ ቤቶች የስልክ ማውጫ በእጁ የያዘ ይመስለዋል። ምድር ባቡር፣ ቴሌ፣ ሲሚንቶ፣ ቢራ፣ መብራት ኃይል፣ ባንኮች፣ መድን፣ አየር መንገድ፣ ቡና ገበያ እያለ ይቀጥላል። በሌላው ዓለም ክለብ ባመዛኙ የከተማ ወይም የሠፈር ስም ይይዛል፤ በእኛ አገር ግን የሥራን ስም ይዞ ኖረ። ይህ የስም ነገር ብቻ አይደለም። ቡድኑን ማን እንደ ወለደው፣ ማን እንዳበላውና በመጨረሻም ማን እንደ ቀበረው የሚናገረው ይኸው ስም ነው። የድሬዳዋው «ኮተን» ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው።

ነገሩ በዚህ መልክ አልተጀመረም። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመጀመሪያው ውድድር ሲደረግ የተሰለፉት አምስቱ ቡድኖች የማኅበረሰብ ቡድኖች ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ ፎርቲቱዶ የኢጣልያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች ሲሆኑ፣ አምስተኛው የብሪታንያ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር፤ ያሸነፈውም እርሱ ነው። ቀጥሎ የጦር ሠራዊቱ ቡድን ዘመን መጣ። ከዚያም ከሰሜን አዲስ ነፋስ ነፈሰ፤ ሐማሴን በ1947 እና በ1949 ዓ.ም.፣ አካለ ጉዛይ በ1950 ዓ.ም. የአገሪቱ አሸናፊዎች ሆኑ። የአስመራ ልጆች ኳስን ከመዲናይቱ ልጆች ቀድመው የተማሩ መሆናቸውን የዘመኑ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ይህን ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያስተዋሉት ግን የአንድ የቆላ ከተማ የጨርቅ ፋብሪካ ኃላፊዎች ሳይሆኑ አልቀሩም።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ደርሶ ሲቆም፣ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው ከተማ ተቆረቆረች። ሐዲዱ ወደ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ 1909 ዓ.ም. ሆነ፤ በእነዚያ ዓመታት መካከል ድሬዳዋ የአገሪቱ የዕቃ ማራገፊያ፣ የጥገና ቦታና የንግድ በር ሆና ቆየች። የደቻቱ አሸዋማ ወንዝ በአንድ ወገን ከዚራን፣ በሌላው ወገን መጋላን አድርጎ ይከፍላታል። በአንዱ የባቡሩ ሠራተኞችና የውጭ አገር ሰዎች በዛፍ ጥላ በተሸፈኑ ቀጥ ያሉ መንገዶች ዳር ይኖሩ ነበር፤ በሌላው የሱማሌ፣ የኦሮሞ፣ የሐረሪ፣ የአማራ፣ የዓረብና የሌላውም ወገን ነጋዴ ይጋፋ ነበር። በወረራው ዓመታት ኢጣልያኖች የጨርቅ ፋብሪካ ተከሉባት፤ ያው ፋብሪካ ከነፃነት በኋላ የኢትዮጵያ ጥጥ ኩባንያ ሆኖ ሥራውን ቀጠለ። ቡድኑ «ኮተን» የተባለው ከኩባንያው የእንግሊዝኛ ስም በተወሰደ ቃል ነው።

የፋብሪካ ቡድን እንዴት እንደሚኖር ለዛሬው አንባቢ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ኳስ ተጫዋች በሚሊዮን ብር በሚፈርምበት ዘመን ነገሩ እንግዳ ሳይሆን አይቀርምና። በዚያን ጊዜ በኢትዮጵያ ለኳስ ብቻ ደመወዝ የሚቆረጥለት ሰው አልነበረም። ተጫዋቹ ሠራተኛ ነበር። ስሙ በፋብሪካው የደመወዝ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ በጋራዡ፣ በመጋዘኑ፣ በፈትሉ ወይም በሽመናው ክፍል ቦታ ይሰጠዋል። የልምምድ ሰዓት ሲደርስ አለቃው ይለቀዋል። ማልያውን፣ ጫማውን፣ የጉዞውን ወጪና የታመመ እንደሆነም ሐኪሙን የሚችለው ፋብሪካው ነው። እግሩ ሲደክም ወይም ጉልበቱ ሲሰበር ደግሞ ወደ ጎዳና አይጣልም፤ ሥራው ይጠብቀዋል። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። ዛሬ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ በእጁ የሚይዘው ሙያ ሳይኖረው ይቀራል፤ የያኔው የፋብሪካ ተጫዋች ግን የጡረታ መብት ያለው ባለሙያ ነበር።

ለፋብሪካውም ቢሆን ትርፍ ነበረው። በሦስት ፈረቃ የሚሠራ፣ ቋንቋውና ሃይማኖቱ የተለያየ ብዙ ሕዝብ በአንድ ግቢ ውስጥ ሲኖር የጋራ ነገር ይፈልጋል። እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ወገን ተሰልፎ መጮህ ያንን የጋራ ነገር ሰጠው። ባለ ካፒታሉ ይህን ያደረገው ለጽድቅ ነው አልልም። ሠራተኛው በኳስ ሲያወራ ስለ ደመወዝ አያወራም የሚል ሒሳብ ሳይኖርበት አልቀረም። ሆኖም የቡድኑ ፍቅር የሠራተኛው የራሱ ነበር፤ ከከተማይቱም ሕዝብ ጭምር።

ጥሩ ተጫዋች ለማምጣት ኮተን የነበረው ትልቁ መሣሪያ ይኸው የሥራ ዋስትና ነው። ከአስመራ ለመጣ ወጣት ኳስን ብቻ ሳይሆን እንጀራን ሊሰጥ ይችል ነበር። ከመጡት መካከል ስማቸው ከሁሉ በላይ የቀረው ሁለቱ ወንድማማቾች፣ ሉቻኖና ኢታሎ ቫሳሎ ናቸው። ሉቻኖ በ1927 ዓ.ም. አስመራ ውስጥ ከኤርትራዊት እናትና ከኢጣልያዊ ወታደር አባት ተወለደ። ኳስን እዚያው በአስመራ ቡድኖች ተማረ፤ ወደ ድሬዳዋ ሲመጣም የተሟላ ተጫዋች ነበር።

ቡድኑ በ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። በ1954፣ በ1955 እና በ1957 ዓ.ም. ዋንጫውን ደግሞ ደጋግሞ ወሰደ። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ማለት ነው። በመካከሉም ዋንጫው ከድሬዳዋ ብዙ አልራቀም፤ የዚያችው ከተማ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቡድን በተራው አንሥቶታል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ባለች ሞቃት ከተማ የሚለማመድ ቡድን፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደምትገኘው አዲስ አበባ ወጥቶ፣ ከእንጦጦ የሚወርደውን ብርድ እየተቀበለ ሲያሸንፍ ማየት የደጋውን ሰው አስገርሞት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከእኛ ከየካዎቹ መካከል ሽቅብ ሁለት ኪሎ ሜትር ለመሮጥ የሞከረ ሁሉ የአየሩን መቅጠን ያውቀዋል።

የኮተን ስም ከክለብ ውድድር አልፎ ከአገር ታሪክ ጋር የተሳሰረው ግን በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ነው። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲደረግ የተሰለፉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዝያ፣ ኡጋንዳና የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የቀረበችው ግብፅ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ፣ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነበሩ። ኢትዮጵያ ቱኒዝያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ቀረበች። ጥር 13 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ግብፆች በ35ኛው ደቂቃ ቀደሙ። ሰዓቱ እየሮጠ ሄዶ በ74ኛው ደቂቃ ኢትዮጵያ እኩል ብትሆንም፣ ደስታው ሳይበርድ በደቂቃ ውስጥ ግብፆች ሁለተኛውን አገቡ። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በ84ኛው ደቂቃ፣ ሉቻኖ ሁለት ለሁለት አደረጋት። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ በ101ኛው ደቂቃ ሦስተኛውን፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው ደቂቃ አራተኛውን አገቡ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ነው። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያም ቀን አራት ጎሎች ሁለቱ የተገኙት በአንድ የክፍለ ሀገር ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ውስጥ ከሚጫወቱ ሁለት ወንድማማቾች እግር ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ የአፍሪካ የክለቦች ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቋቋም ኢትዮጵያን ወክሎ የቀረበው ኮተን ነበር። ማጣሪያውን አልፎ በጥር 1957 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በጋና ዋና ከተማ በአክራ ከተሰበሰቡት አራት የመጨረሻ ቡድኖች አንዱ ሆነ። በግማሽ ፍጻሜው የማሊው ስታድ ማልየን 3 ለ 1 አሸነፈው። ስታድ ማልየንም በፍጻሜው በካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ 2 ለ 1 ተረታ።

አራተኛው ቡድን የባለ ቤቶቹ የጋናው ሪያል ሪፐብሊካንስ ነበር፤ ስለ እርሱ ጥቂት ልናገር፣ ለነገራችን ይጠቅማልና። ይህ ቡድን በክዋሜ ንክሩማ መንግሥት ፈቃድ የተመሠረተ ነው። ከየክለቡ ሁለት ሁለት ምርጥ ተጫዋቾች እየተወሰዱ ለአገሪቱ አርአያ የሚሆን ቡድን ተሠራ። ሌሎቹ ክለቦች ልጆቻቸውን ስላጡ አጉረመረሙ፤ ሰሚ አላገኙም። በየካቲት 1958 ዓ.ም. ንክሩማ ከሥልጣን ሲወርድ ቡድኑም አብሮ ፈረሰ። አክራ ላይ ከተገናኙት ከአራቱ መካከል አንዱ በመሪ ቆመ፣ በመሪ ወደቀ፤ ሌላው በፋብሪካ የቆመ ነበር። ያን ጊዜ የፋብሪካው ዕድሜ ከመሪው ዕድሜ የረዘመ ይመስል ነበር፤ ረዘመም፤ ነገር ግን ጥያቄው ያው ነው።

ከ1957 ዓ.ም. በኋላ የኮተን ብርታት ቀነሰ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ1958 እስከ 1960 ዓ.ም. በተከታታይ ሦስት ጊዜ አሸነፈ፤ ከዚያም የአስመራ ቡድኖች ተመለሱ። ይህ የኳስ ተፈጥሮ ስለሆነ ብዙ አያነጋግርም። የሚያነጋግረው ከአብዮቱ በኋላ የሆነው ነው።

በጥር 1967 ዓ.ም. ታላላቅ ፋብሪካዎች በአዋጅ ወደ መንግሥት ይዞታ ሲዛወሩ የቡድኖቹም ባለቤት ተለወጠ። በአዋጁ ላይ የእግር ኳስ ቡድን አንድ ሐብት ሆኖ አልተቆጠረም፤ ከማሽኑና ከመጋዘኑ ጋር አብሮ ሄደ እንጂ። አንዳንድ ቡድኖች አዲስ ስም ወጣላቸው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋንጫ ከወሰዱት መካከል «ትግል ፍሬ» እና «እርምጃችን» የተባሉ ይገኙባቸዋል። የኮተንም ስም ወደ አማርኛ ተመልሶ «ድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ» ሆነ። የተጫዋቹ ኑሮ ግን ብዙ አልተለወጠም። አሁንም ሠራተኛ ነበር፤ አለቃው ብቻ ተለወጠ።

ከተማይቱ በእነዚያ ዓመታት ያየችው ደስታና መከራ እርስ በርሱ የተጠጋጋ ነው። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ ለሦስተኛ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲደረግ አንደኛው ምድብ የተመደበው ለድሬዳዋ ነበር። ናይጄርያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር እዚያ ተጫወቱ። ከሁለት ዓመት በፊት የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው፣ በዓለም ዋንጫም የተሰለፈችው ዛየር አንድም ጨዋታ ሳታሸንፍ ከዚያው ተሰናበተች፤ ኋላ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ ደግሞ ጉዞዋን የጀመረችው በዚያው ሜዳ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል እንኳ ሳይሞላ፣ በነሐሴ 1969 ዓ.ም.፣ የሶማልያ ጦር እስከ ከተማይቱ ዳርቻ ደረሰ። የባቡሩ ድልድዮች ፈርሰው ከጅቡቲ ጋር የነበረው መስመር ተቋረጠ። ድሬዳዋ አልተያዘችም።

ከጦርነቱ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1975 ዓ.ም.፣ የጨርቃ ጨርቁ ቡድን አምስተኛውንና የመጨረሻውን የአገር ሻምፒዮንነት አገኘ። ስለ አራቱ የ1950ዎቹ ዋንጫዎች ብዙ ይነገራል፤ ስለ አምስተኛው የሚያወራ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ የማደንቀው ይህንኑ አምስተኛውን ነው። በሌሎቹ ጊዜ ፋብሪካው በብርታቱ ላይ ነበር፤ ከአስመራም የመጡ ታላላቅ ተጫዋቾች ነበሩት። በ1975 ዓ.ም. ግን ከጦርነት በወጣች ከተማ፣ በድርቅና በግዳጅ ዘመን፣ ሠራተኛው የራሱን ቡድን እንደገና አቆመ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የቡድኑ ታሪክ ሳይሆን የፋብሪካው ታሪክ ነው። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ገበያው ሲከፈት ከውጭ የገባው ጨርቅና ልባሹ ልብስ የአገር ውስጡን ምርት ገፋው። ድሬዳዋ ለኮንትሮባንዱ መንገድ ቅርብ በመሆኗ ነገሩ በፋብሪካው ደጃፍ ላይ የሚታይ ነበር፤ ሠራተኛው የሚሸምነው አቡጀዲ ሳይሸጥ፣ እርሱ ራሱ ከገበያ የሚገዛው ርካሽ የውጭ ሸሚዝ ሆነ። አሮጌው ማሽን፣ ዕዳውና የጥሬ ዕቃው እጥረት ተደማምረው ፋብሪካው ተዳከመ፤ በመጨረሻም ሥራ አቆመ። በ1990 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሲጀመር የአምስት ጊዜ ሻምፒዮኑ ስም የሚገባውን ቦታ ይዞ አልተገኘም። ማንም በክፋት አላጠፋውም። ፋብሪካ ሲዘጋ ባለ ዕዳዎች ይጠራሉ፣ ማሽን ይቆጠራል፣ ለሠራተኛው የሚከፈለው ይሰላል። አምስት ዋንጫና የአንድ ከተማ ትዝታ ግን በየትኛውም የሒሳብ መደብ ስለማይገቡ፣ የሚረከባቸው ሳይኖር ቀሩ።

እንዲህ ያለው ዕጣ የእኛ ብቻ አይደለም። በዩክሬን ምሥራቅ በሉሃንስክ፣ በሶቪየት ዘመን ስሟ ቮሮሺሎቭግራድ በነበረው ከተማ፣ የባቡር ሞተር ፋብሪካው ያሳደገው ዞርያ የሚባል ክለብ አለ። በ1972 እ.ኤ.አ. የሞስኮንና የኪየቭን ታላላቅ ክለቦች ወደ ኋላ ትቶ የሶቪየት ኅብረት ሻምፒዮን ሆነ። ከሪፐብሊክ ዋና ከተማ ውጭ ያለ ክለብ ያንን ዋንጫ ሲያነሣ ያ የመጀመሪያው ነበር። በማግሥቱ ዓመት ክለቡን ይደግፉ የነበሩት የክፍለ ሀገሩ የፓርቲ ኃላፊ ከሥልጣን ተነሡ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ክለቡ ከከፍተኛው ሊግ ወረደ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጦርነት ወዲህም በገዛ ከተማው መጫወት አልቻለም። ነገር ግን አልሞተም። ባለቤት ሲለወጥና ሜዳ ሲጠፋ የሚተርፍ ስም፣ መዝገብና ማኅበር ስላለው ይኖራል። የእኛው ኮተን ያጣው ይህንን ነው።

በድሬዳዋ ዛሬ የከተማይቱን ስም ይዞ የሚጫወተው በከተማው አስተዳደር በጀት የሚተዳደረው የድሬዳዋ ከተማ ክለብ ነው። የሌሎቹም የክፍለ ሀገር ክለቦቻችን ባለቤት አሁን ባብዛኛው አስተዳደሩ ሆኗል። ሐዋሳ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም.፣ ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ መቐለ 70 እንደርታ በ2011፣ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆኑ ስለ ክፍለ ሀገር ኳስ ትንሣኤ ብዙ ተጻፈ። ጅማ አባ ጅፋር በአራት ዓመት ውስጥ ከሊጉ ወረደ፤ የትግራይ ክለቦች በጦርነቱ ምክንያት ለዓመታት ከውድድር ውጭ ሆኑ። የፋብሪካ ትርፍ በከተማ በጀት ተተካ እንጂ ክለቡ በራሱ እግር የሚቆምበት ነገር አልተተካም። አባላቱ መዋጮ የሚከፍሉበት፣ ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠሩበት፣ ንብረቱና መዝገቡ በክለቡ ስም የሚቀመጥበት ደንብ ከሌለ፣ የዛሬው በጀት የትናንቱ የጥጥ ኩባንያ ነው። በሙያ ማኅበር ውስጥ ለምንኖር ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የእኛም ማኅበር ከአባላቱ መዋጮ ይልቅ በአንድ መሥሪያ ቤት ችሮታ ቢኖር ኖሮ ይህ መጽሔት በየዓመቱ አይወጣም ነበር።

ሉቻኖ ቫሳሎ በ1970ዎቹ ዓመታተ ምሕረት መባቻ ገደማ በጅቡቲ በኩል ከአገር ወጣ። ከዚያ በኋላ የኖረው በኢጣልያ ነው፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. እዚያው ዐረፈ። የዋንጫው አምበል ስሙ ከአገር ውጭ ባሉ የስፖርት ጸሐፊዎች ዘንድ ብዙ ጊዜ ተነሥቷል፤ የተጫወተበት ፋብሪካ ስም ግን ከእርሱ ስም ጋር ሲነሣ የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች በቴሌቪዥን በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምሩ፣ ውድድሩ በየተራ ከተደረገባቸው አምስት ከተሞች አንዷ ድሬዳዋ ነበረች። ያን ጊዜ በወሰን አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ የድሬዳዋን ስታዲየም አየሁት። ከበስተኋላ ደረቁ ተራራ ይታያል። አጠገቤ የነበሩ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ሻያቸውን አስቀምጠው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱና፣ «እዚህ ሜዳ ላይ ኮተንን አይቻለሁ» አሉ። በዙሪያችን ከነበሩት ወጣቶች አንዱ «ኮተን ምንድን ነው፣ አባባ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም ወንበራቸውን ወደ እርሱ አዙረው ይነግሩት ጀመር።